ከደረሰኙ ውጪ

ጉልበቴ ዝናብን ከሰማዩ ቀድሞ ያውቃል፣
ጅሬን ደመና ሳይለብስ እሱ መጠዝጠዝ ይጀምራል።
ቆጪ ነው ቤቴ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ።
ደረጃው ሰባ ሁለት፣ ዕድሜዬም ሰባ ሁለት፣
እኩዮች ነንና አንተዛዘንም፣ ይልቁንም በክረምት።

ልጄ ሐያት ለኢድ መጥታ፣ ስልኬን ከእጄ ተቀብላ፣
«አባ፣ ይቺን ስትነካት ሱፐርማርኬቱ ይመጣል» አለች፣ ፈገግ ብላ።
እኔማ የታየኝ ሕንጻው ነው፣ ከነዘበኛው ተነቅሎ፣
ደረጃዬን ሲወጣ፣ አምስት ሊትር ዘይት አንጠልጥሎ።

ሠላሳ ዓመት በውሃ ቢሮ ሒሳብ ሹም ነበርኩና፣
ነገር ሲከብደኝ ዛሬም መስመር አሰምራለሁ ገና፤
ገቢው በቀኝ፣ ወጪው በግራ።

ገቢ።
ጭቃ የለም። ባጃጅ ውስጥ አራተኛ ሆኖ መታጠፍ የለም።
ስኳሩም ዱቄቱም በሬ ላይ ይቆማል፣ ወገቤን ሳያም።
አንድ ሰሞን ትኩሳት ጥሎኝ ሎሚና አጃ በሬን መታ፣
ማንንም ሳላስቸግር፣ ሳልሸከም የማንንም ውለታ።
ይኼን ቀላል ነው የሚል፣ ብቻውን አላረጀም፤
«እባክህ» ማለትን የሚያህል ደረጃ የለም።

ወጪ።
ማድረሻው ስልሳ ብር፤ ቢቆረቁረኝም ይሁን።
ቲማቲሙን ግን ምን ልበል፣ የስልኩንና የቤቱን?
በስልኩ ቀይ ነው፣ ያበራል፣ ጠል አርፎበታል፤
ከፌስታሉ ሲወጣ ከጠብ የተመለሰ ፊት ይመስላል።
ምስር ባዝ፣ «አልቋል፤ በምትኩ መኮሮኒ ልከናል» ይላሉ፤
ምስርና መኮሮኒ በየት በኩል ይዛመዳሉ?
መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዱቤ የሚባል አልፈጠረበትም፤
«ጡረታዬ እስኪወጣ ታገሰኝ» ብለው፣ ጆሮ የለውም።

ሂርማታ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሸሪፋ መደብ ሽንኩርት ስገዛ፣
ሚዛኗን ተጠራጥሬ፣ ተቆጥቼ፣ ሄጄ ስመለስ እንደ ዋዛ፣
«መርቂልኝ» እላታለሁ፤ ሁለት ራስ ትጨምራለች፣
ደግሞም በአፏ «ዕድሜ ይስጥህ» ትላለች።
በእኛ ቋንቋ ለሁለቱም ያለን ቃል አንድ ነው።
ስልኬን ላይ ታች ጠነቆልኩት፤
«መርቂልኝ» የሚል ቁልፍ የለውም።

ከገበያ ስመለስ ከዘንቢሌ ሥር ወሬ አይጠፋም ነበር፦
የማን ልጅ እንደ ታጨች፣ ማንን ነገ እንደምንቀብር።
የአባ ዲጋን ሞት የሰማሁት በአምስተኛው ቀን ነው።
በቀብሩ ሰዓት ሩዝ አድርሰውልኛል፤
ደቂቃ አላዛነፉም።

የሚያመጣው ልጅ ሄልሜት አያወልቅም፤
«ኮዱን ይንገሩኝ አባባ» ብሎ፣ ወዲያው ቁልቁል።
አንድ ሐሙስ ዝናቡ አስገድዶት ኮሪደሩ ላይ ተጠለለ፤
ፊቱን ሊጠርግ ሄልሜቱን ሲያወልቅ፣ የማውቀው ፍንጭት አለ።
«የሸሪፋ ነህ?»
«ልጇ ነኝ። ነዚፍ።» ጫማውን እያየ፦
«ወገቧን ታመመች፤ ገዢም ቀነሰ፤ መደቡን ለቀቅን።
በቀን አሥራ አምስት በር ካንኳኳሁ የመድኃኒቷ ይሞላል።»

ሲወርድ እርሳሴን አነሣሁ፣ ያቺን ስልሳ ብር
ከግራ ወደ ቀኝ ላሻግር።
«ገዢ ቀነሰ» ያለውሳ?
ከቀነሱት አንዱ እኔ አይደለሁ?
እርሳሱን መልሼ አስቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ከስኳሩና ከሳሙናው መሐል፣
በትንሽ ፌስታል የተቋጠረ ሰባት ቃሪያ ተቀምጧል።
«ይኼን አላዘዝኩም» አልኩት።
«እናቴ ናት፤ ‹መርቅለት› ብላኝ ነው» አለና ወረደ፤
ሞተሩ እስከ አጂፕ ድረስ ሲያጓራ ተሰማኝ።

ደረሰኙን ሁለቴ አነበብኩ፤ ቃሪያው የለበትም።
ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳልዘጋ አድሬ አላውቅም፤
ያን ማታ ግን አልዘጋ አለኝ፣ እንዲሁ ተኛሁ።

ቲማቲሙ እንኳ፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣
አሁንም ተጨፍልቆ ነው የሚመጣው።